በጾም ቅቤ የጠጣችው መኪና

ኮርቻ ሰሪ ነኝ። ኮልፌ ውስጥ «አምሐ ኮርቻ» ቢሉ የማያውቀኝ የለም፤ የማያውቀኝ ካለ በቅሎ የሌለው ሰው ነው። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ግን በቅሎ የሌለው ሰው በዛና የማያውቀኝም በዚያው ልክ በዛ። አንድ ቀን ከደጄ ከተደረደሩት ኮርቻዎች በአንዱ ላይ ዶሮ እንቁላል ጥላ ተገኘች። ሚስቴ ወለተጻድቅ እንቁላሉን አንስታ ገልበጥ ገልበጥ እያደረገች፣ «እሰይ፣ አንድ ደንበኛ አገኘህ» አለችኝ።

ይህን ያመጣብኝ መኪና ስለሆነ መኪናን ንቄ ነበር የምኖረው። «በቅሎ ጉድጓድ ስታይ ታስባለች፤ መኪና ግን የሚያስብለት ይፈልጋል» እላለሁ። የምለውም ለጎረቤቴ ለወዬሳ ነው። እሱ የመኪና ነጂ ነው፤ ደግሞም ሌላ የሚሰማኝ ሰው የለም። ወዬሳ የሚነዳው የሲኞር ጋስፓሮን ትንሽ ጥቁር መኪና ነው። ሲኞር ጋስፓሮ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ላይ የድንጋይ ካባ ያለው ጣሊያን ነው፤ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ያስፈልጣል። ሲናገር ይጮኻል፤ ድንጋዩ በጩኸት የሚፈለጥ ይመስለዋል።

ወዬሳ መሪ ከመጨበጡ በፊት እዚያው ካባ ላይ በመዶሻ ድንጋይ ይፈልጥ ነበር። ብናኙ ደረቱ ውስጥ ገብቶ፣ ሲያስለው አጥር ተሻግሮ እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ሚስቱ ጉዲቱ ያን ጊዜ ለወለተጻድቅ፣ «እትዬ፣ አንድ ክረምት እዚያ ከደገመ አፈር ነው የማለብሰው» ብላ አልቅሳባታለች። ነጂ ከሆነ ወዲህ ግን ሳሉ ቀለል አለው፤ ልጅም ወለዱ።

የኅዳር ጾም እንደገባ፣ ወዬሳ በአጥሩ በኩል ብቅ አለ። ፊቱ እንደ ተፋቀ ቆዳ ነጥቷል።

«ጋሽ አምሐ፣ አለቀልኝ።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። የሲኞር ሚስት ካገሯ እየመጣች ነው። ነፍሰ ጡር ናት፤ ሐኪሟ እንዳትንገላታ ብሏል አሉ። ከለገሃር እስከዚህ የማመጣት ደግሞ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ቸገረህ? አምጣታ።»

«መኪናዋን አላዩዋትም? አንዴ ጉድጓድ ከመታች እስከሚቀጥለው ጉድጓድ እየዘለለች ነው የምትደርሰው። ትናንት የሲኞር ጭንቅላት ከጣራው ጋር ተጋጨ። ‹ሚስቴ እንዲህ ብትነጥር በማግስቱ መዶሻህን ይዘህ ካባ ትገባለህ› አለኝ።»

ይህን ብሎ ያ ሳሉ ያዘው። እኔም ስለ በቅሎ ልናገር የከፈትኩትን አፍ መልሼ ዘጋሁት።

መኪናዋን አመጣና እግቢዬ ውስጥ አቆማት። ከሥሯ ገብቶ ከኋላ በኩል ሁለት የብረት ዕቃዎች ፈታ፤ አንዱን አምጥቶ ቆዳ ከምቆርጥበት ጣውላ ላይ አስቀመጠው። ጡጫ የሚያህል፣ አንድ ክንድ የወጣለት ብረት ነው።

«የሚያዘላት ይኼ ነው?» አልኩት።

«የሚያዘላት አይደለም፣ የሚያስታግሳት ነው። የሚያዘላት ባሌስትራው ነው፤ ያ ከሥሯ ተደራርቦ የሚያዩት ብረት። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ባሌስትራው ይለመጥና ምቱን ይውጠዋል። ግን ጠባዩ ክፉ ነው፤ የዋጠውን ይተፋል። ይነጥራል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይነጥራል። ይኼኛው ነው ይዞ በቃህ የሚለው። አሞርቲዛቶሬ ይባላል።»

ምላሴ ሊጠራው ሞክሮ መንገድ ላይ ወደቀ። «እኔ ታጋሹ ብዬዋለሁ» አልኩት።

«ይሁን። እንግዲህ የታጋሹ ሆድ ዘይት ነው። ዘይቱ መሀል ፒስቶን አለ፤ ጓዳውን ለሁለት ይከፍለዋል። ጎማው ሲነሳ ይኼ ክንድ ፒስቶኑን ይገፋዋል፤ ዘይቱም ካንዱ ጓዳ ወደ ሌላው መሄድ ግድ ይሆንበታል። የሚያልፍበት በር ይኸውልዎት፤ ቫልቮላ ነው።»

ጎንበስ ብዬ በሩን አየሁት። የደረቀች፣ ጠርዟ የተቀደደ ክብ ቁራጭ ቆዳ ናት! በዚያ ሁሉ ብረት መሀል የሥጋ ዘመዴ ተቀምጣለች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መኪናን መናቄን ተውኩ፤ እንዲያውም ድሮም የምወደው መሰለኝ።

«ጎማው ሲነሳ» አለ ወዬሳ፣ «ቆዳዋ ብድግ ትልና ዘይቱን ቶሎ ታሳልፈዋለች። ስለዚህ ምቱ ወደ ላይ አይደርስም። ባሌስትራው ልመለስ ሲል ግን ቆዳዋ ትከደናለች። ያን ጊዜ ዘይቱ የሚመለሰው በመሀሏ ባለችው የመርፌ ቀዳዳ ብቻ ነው። ባሌስትራው ቢናደድም ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው።»

«ገባኝ፣ ገባኝ! እንደኛ ቤት ነዋ። እንግዳ ሲመጣ በሩ ወለል ነው። ልሂድ ሲል ግን ‹ኧረ ቁጭ በል፣ ኧረ ይቺን ቅመስ› እየተባለ በስንት ልመና ይወጣል።»

«ልክ ነዎት። አሁን ግን ቆዳዋ ስለተቀደደች እንግዳው እንዳሻው ይገባል፣ እንዳሻው ይወጣል። ታጋሹም መታገስ አቃተው።»

ወለተጻድቅ ከጓዳ ሆና፣ «የአምሐ አፍ ነዋ፣ ተገልብጦ የተገጠመ ቫልቮላ! ወሬ ሲወጣ ወለል፣ ምክር ሲገባ በመርፌ ቀዳዳ!» አለች። ወዬሳ ለጨዋነቱ መሬት መሬት አየ።

የቫልቮላው ቆዳ ከአስመራ እስኪመጣ ሲኞራ ወልዳ ክርስትና ታስነሳለች። ስለዚህ ሥራው ወደኔ መጣ። ለሁለቱም ታጋሾች አንዳንድ ክብ ቆዳ ቆረጥኩ፤ ስስ አድርጌ ፋቅሁ፤ መሀላቸውን በወስፌ ሳይሆን በመርፌ በሳሁ። እስከዚህ ድረስ ሥራዬ እንከን አይወጣለትም። ችግሩ እኔ ልክ ሥራ ስሠራ እዚያ ላይ መቆም አለመቻሌ ነው።

አባቴ ሙያውን ሲያስተምረኝ፣ «ቅቤ ያልጠጣ ቆዳ ቂመኛ ነው» ይለኝ ነበር። ጾም በመሆኑ የወለተጻድቅ ቅቤ ማሰሮው ውስጥ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። አውጥቼ ቆዳዎቹን ፀሐይ ላይ አሸኋቸው፤ ደግሜ አሸኋቸው። እንደ ሕፃን ጆሮ ለሰለሱ። ወዬሳ ቦታቸው ላይ ገጠማቸው፤ ዘይቱን ሊሞላ ቆርቆሮውን ሲከፍት የካባው ዘበኛ ከበር ሆኖ፣ «ወዬሳ! ሲኞር አሁኑኑ ና ብሎሃል!» ብሎ ጮኸ።

«ጋሽ አምሐ፣ ዘይቱን እስከ አፉ ሞልተው ይክደኑልኝ፤ መጣሁ» ብሎኝ ሮጠ።

ዘይት መቅዳት ምን ቁም ነገር አለው? አንዱን ታጋሽ እየሞላሁ ሳለሁ ያች ደንበኛዬ፣ ኮርቻ ላይ እንቁላል የጣለችው ዶሮ፣ ጣውላው ላይ ዘላ ወጣች። «እሽ!» ብዬ እጄን ሳወናጭፍ ቆርቆሮውን የመታሁት እኔ ልሁን እሷ ትሁን እስካሁን አልታወቀም። ዘይቱ መሬት ጠጣው። ቆርቆሮው ውስጥ የቀረው ለሁለቱም የማይበቃ ቅሪት ነው።

የመኪና ዘይት ከሲኞር ግምጃ ቤት ካልሆነ የትም አይገኝም። እኔም ቁጭ ብዬ አሰብኩ፤ ይኸውላችሁ፣ እዚህ ላይ ነው መጠርጠር የነበረብኝ፤ ቁጭ ብዬ አስቤ ደኅና ነገር አግኝቼ አላውቅም። ቅቤስ ዘይት አይደለም? እንዲያውም በዘር ከዘይት ይበልጣል፤ ዘይት ከየትም ይመጣል፣ ቅቤ ግን የታወቀች ላም ልጅ ናት። ለጋ ቅቤ አቅልጬ፣ አጥርቼ፣ ከተረፈው ዘይት ጋር አዋሕጄ ሁለቱንም እስከ አፋቸው ሞላኋቸው። ከደንኳቸው።

ወዬሳ ተመልሶ ገጠማቸውና በጠራራው ፀሐይ ወጣን። በዚያን ጊዜ አበሻ በጣሊያን መኪና የኋላ ወንበር ላይ መቀመጡ ያስገርፍ ነበር፤ ቢሆንም ሥራዬን መሞከር አለብኝ ብዬ ከኋላ ተቀመጥኩ። በእጄ ሙሉ ዋንጫ ጠላ ይዣለሁ። ጉድጓድ መጣ፤ መኪናዋ ጎንበስ አለች፣ ቀና አለች፣ በቃ። ሌላ ጉድጓድ፤ ጎንበስ፣ ቀና። ከጠላው ጠብታ አልፈሰሰም።

«ጋሽ አምሐ!» አለ ወዬሳ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ኧረ ምን አድርገዋት ነው?»

ስለ ቅቤው ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ግን ባለሙያ ምስጢሩን በየመንገዱ አይዘራም አይደል? «ልምድ ነው፣ ልጄ» ብዬ ጠላዬን ጠጣሁ። ማታ ለጎረቤት ሁሉ ስለ ቫልቮላ አስረዳሁ። ሰርኬ የምትባል ጎረቤታችን፣ «እንግዲህ መሐንዲስ አምሐ እንበልዎት?» ብትለኝ ሽሙጥ መሆኑ አልገባኝም፤ «እንደ ፈቀዳችሁ» አልኩ።

በማግስቱ፣ ሲኞራ በምትመጣበት ዕለት ማለዳ፣ ሣሩ ላይ ውርጭ እንደ ጨው ተነስንሷል። ሲኞር ጋስፓሮ ለሚስቱ ዕቃ ጭነት በካሚዮን ቀድሞ ለገሃር ሄዷል። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ደጅ ስቆም ከመንገዱ ማዶ ጓ! ጓ! ጓ! የሚል ድምፅ መጣ። ሰው ባዶ በርሜል እየጎተተ መስሎኝ ነበር። የኛዋ መኪና ናት።

ወዬሳ ዘሎ ወረደ። «ድንጋይ ሆነች! ጋሽ አምሐ፣ ድንጋይ ሆነች! ጠጠር ሳይቀር ጥርሴ ላይ ነው የሚደርሰው። ታጋሹ ጭራሽ አልንቀሳቀስም አለ። ከትናንት ወዲያው ይሻል ነበር፤ ያኔ ቢያንስ ትዘል ነበር! እንዲህ ሆና ካመጣኋት እዚያው ለገሃር ነው መዶሻውን የሚያስጨብጠኝ።»

ጉዲቱ ሕፃኑን አዝላ ከኋላው መጥታለች። ባሏን ብቻ ታያለች።

እኔ አገጬን ይዤ፣ «ብረቱ በርዶት ይሆናል» እያልኩ ስመራመር ወለተጻድቅ የቅቤ ማሰሮዋን ይዛ ከቤት ወጣች። ማሰሮውን ዘቅዝቃ ነው የያዘችው። ከውስጡ ጠብ የሚል የለም።

«አንተ ሰውዬ፣ ቅቤዬ ግማሽ ሆኗል። በጾም ማን በላው?»

ማሰሮውን አየሁት። የቀረው ቅቤ ረግቶ፣ እንደ ሻማ ደርቆ፣ ከማሰሮው ቂጥ ጋር ተጣብቋል። ከዚያ መኪናዋን አየሁ። ደግሞ ማሰሮውን።

«ወለቴ» አልኳት፣ «ቅቤ ጠዋት ጠዋት ሁልጊዜ እንዲህ ነው እንዴ?»

«አንተን ካገባሁ ጀምሮ በየኅዳሩ እንዲህ ነው።»

ወዬሳ አንዴ እኔን፣ አንዴ ማሰሮውን አየና በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። «ቅቤ አጠጧት?»

«ትንሽ ናት…»

«በጾም!» አለች ወለተጻድቅ። «መኪናዋን በጾም አስገደፍካት!»

ወዬሳ ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ከመኪናዋ ሥር ገባና ታጋሹን በመዳፉ ያዘው። «በረዶ ነው» አለ። «ቅቤው ያችን የመርፌ ቀዳዳ ደፍኗታል፤ ቆዳዋንም አጣብቋታል። ዘይት ማለፍ ካልቻለ ታጋሽ የለም፤ ጎማውና ወንበሩ አንድ ብረት ናቸው ማለት ነው።»

«እሳት እናንድድላት?»

«ከሥሯ ቤንዚን ያለባትን መኪና? ኧረ በሕግ አምላክ!» ቆሞ አሰበ። ሲያስብ እንደኔ ቁጭ አይልም፤ ለዚህ ይሆናል የሚሳካለት። «ታጋሹ ሲሠራ ይሞቃል። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ፣ እጅ ሲፋተግ እንደሚሞቀው ይሞቃል። ከረዥም መንገድ ስመለስ ስነካው ያቃጥለኛል። ስለዚህ ባቡሩ ከመግባቱ በፊት በዚህ በኮረኮንቹ እየተመላለስን እናንገላታት። እየተገፋ እየተገፋ ይቀልጣል። ግን ከኋላ ክብደት ያስፈልጋል።»

ሁላችንም ወለተጻድቅን አየናት፤ ሚዛን የምትደፋው እሷ ናት።

«እኔ ቅቤዬን ሰጥቻለሁ» አለች፤ «መቀመጫዬን አልጨምርም።»

እኔ ገባሁ። በሩ ሳይዘጋ ወለተጻድቅ ከደጅ አንድ ኮርቻ አንስታ ወረወረችልኝ። «ሙያህ ዛሬ ያድንህ!» አለች። ኮርቻውን ወንበሩ ላይ አደላድዬ ወጣሁበት። መኪና ውስጥ የበቅሎ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ የሄደ ሌላ ሰው ካለ ባገኘውና ባዝንለት ደስ ይለኛል።

ወዬሳ ወደ ካባው በሚወስደው ኮረኮንች ለቀቃት። ጓ! ጓ! ጓ! ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰው ስመሰክርለት የኖርኩት ኮርቻ ከጀርባ አጥንቴ ጋር ተዋወቀ። ደርሰን ተመለስን። ወዬሳ ወርዶ ታጋሹን ነካ። «ገና ነው።» እንደገና። ጓ! ጓ! ሰርኬ እንስራዋን አዝላ ከመንገዱ ዳር ቆማለች፤ «መሐንዲስ! ምን አጥፍተው ነው እንዲህ የሚገረፉት?» አለችኝ። መልስ ልሰጣት ስል ምላሴን ነከስኩት፤ ለአንዴም ቢሆን አፌ ሲዘጋ ወለተጻድቅ አለማየቷ ቆጨኝ።

«አሁንስ?»

«ለብ ብሏል። በርቱ!»

«አንተ ነህ የምትነዳው፤ እኔ ምኑን ልበርታ?»

ደግሞ ወጣን። ካባው ጋ ስንዞር የሆነ ነገር ተለወጠ። ጓ ይል የነበረው ጉ አለ። ጉ ይል የነበረው ዝም አለ። አንድ ትልቅ ድንጋይ መጣ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ መኪናዋ ጎንበስ አለች… ቀስ ብላ ቀና አለች። ዓይኔን ስገልጥ ወዬሳ መሪውን ይዞ እየሳቀ ነው። ስቆ ስቆ ሳለ፤ ግን የሳቅ ሳል ነው።

ስንቆም ከታጋሹ ክንድ ሥር የቀለጠ ቅቤ ወዝ ወዝ ብሏል። የሰርኬ ውሻ ደርሶ መላስ ጀምሯል።

«ባቡሩ ቢዘገይና ቆሜ ስጠብቅ መልሶ ቢረጋብኝስ?» አለ ወዬሳ።

«ጀርባዋን ለፀሐይ ስጥና አቁማት» አልኩት። «ቆዳም በቅሎም በውርጭ ሲያድሩ የምናደርገው ይህንኑ ነው።» በዚያ ሳምንት ከአፌ የወጣው የሚረባ ቃል ይህ ብቻ ነው። ወዬሳ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ውሻው ተከተለው።

ጉዲቱና እኔ መንገድ ዳር ቆመን ጠበቅን። እሷ ቁጭ በሉ ብትለኝ እምቢ አልኩ፤ የሰጠኋት ክብር መስሏት ይሆናል፤ መቀመጥ አቅቶኝ ነው። ፀሐይዋ ወደ ራሳችን ወጣች። ጉዲቱ ልጇን ከጀርባዋ ወደ ደረቷ፣ ከደረቷ ወደ ጀርባዋ ታዛውረዋለች።

«ጋሽዬ፣ በእግሩ ቢመጣ ምን እላለሁ?» አለችኝ።

ደግነቱ ወዲያው አቧራ ታየ። ከአቧራው ውስጥ ጥቁሯ መኪና ወጣች፤ ከኋላዋ አምስት ስድስት ውሾች እንደ አጃቢ ተሰልፈው ምላሳቸውን አውጥተው ይሮጣሉ። ከተክለሃይማኖት ጀምሮ እንደተከተሏት ኋላ ነው የሰማሁት። ከመሪው ኋላ ወዬሳ ነው። ከኋላ ወንበር ሲኞራ ባርኔጣዋን እቅፏ ውስጥ አድርጋ፣ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ እንቅልፍ ወስዷታል። ያ ሲናገር ድንጋይ የሚያስፈራራው ሲኞር ጋስፓሮ ከጎኗ ሆኖ እኛን ሲያይ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። እሽሽ! አለን።

ከፊታችን ያለውን ትልቁን ጉድጓድ መኪናዋ ጎንበስ ብላ፣ ቀና ብላ አለፈችው። ሲኞራ አልነቃችም። ጉዲቱ እልልታዋን በነጠላዋ አፈነችው።

ወዬሳ አድርሷት ሲመለስ እኛ ቤት ገባ። «ሲኞር ማን ነው የሠራት ሲለኝ፣ ጎረቤቴ የበቅሎ ኮርቻ ሰሪ ነው አልኩት። ‹ዛሬ ደስ ብሎኛል፤ ግን አትቀልድብኝ› አለኝ።»

«ስለ መዶሻውስ?»

«እሱን አላነሳም።»

ጉዲቱ ሕፃኑን ልታሳቅፈኝ ዘረጋችልኝ። ቆሜ ታቀፍኩት።

«ነገስ ውርጭ የለም?» አለች ወለተጻድቅ።

ወዬሳና እኔ ተያየን። ይህን ማናችንም አላሰብነው። ወለተጻድቅ ጓዳ ገብታ በቅል ሙሉ የጉሎ ዘይት ይዛ ወጣች፤ ምጣድ የምታስስበትን። «ይኼ በውርጭ ሲረጋ አይቼ አላውቅም። ብትጠይቁኝ ኖሮ ትናንት እነግራችሁ ነበር።» ፀሐይ ሳትጠልቅ ታጋሾቹን ፈታን፤ ቅቤውን ጠርገን ለውሾቹ ሰጠን፤ ጉሎውን ሞላን። ዶሮዋን በቅርጫት ደፍተን ነው ይህን ያደረግነው።

ነገሩ ሕሊናዬን ስለከነከነኝ ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። ሳቃቸውን እየዋጡ እንደሆነ ትከሻቸው ነገረኝ። «መኪናዋ ክርስትና ተነስታለች?» አሉኝ። አልተነሳችም አልኩ። «እንግዲያስ ጾም የለባትም። ላንተ ግን ስግደት አዝዤሃለሁ» አሉ። ስግደቱን በደስታ ተቀበልኩት፤ መቀመጥ ካልሆነ ሁሉም ነገር ደስ ይለኝ ነበር።

እስከ ገና ድረስ ውሾቹ ከመኪናዋ፣ ወዬሳም ከመሪው አልተለዩም። እኔ ደግሞ ያን ኮርቻ ከደጅ አንስቼ ጓዳ ከተትኩት፤ ደንበኛ መጥቶ፣ «ይመቻል?» ብሎ የጠየቀኝ እንደሆነ የምመልሰው አጣሁ።